ሁለት ፓርቲ፣ አንድ ድምፅ፦ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጎረቤቴ ቤት አሥራ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አነጋ። ከአሥራ አንዳችን በዚያ ምርጫ ድምፅ የነበረው አንድም ሰው አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል ግን ሁለት የልብ ወዳጆች ተኳረፉ፤ አንደኛው ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። እስከ ገና ድረስ አልተነጋገሩም።

ጅማ ውስጥ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» የሚለኝ ተማሪ፣ ዕድር ላይ አጠገቤ የሚቀመጡ ሽማግሌ፣ ሁለት ልጆቿን አሜሪካ የላከችው እህቴ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ ተቀራራቢ ነገር ነው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። የውጭ አገር ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛዎቹ ላይ ዓ.ም. ብያለሁ።

የሁለት ፓርቲ ሥርዓት ሲባል ሕጉ የሚፈቅደው ሁለት ብቻ ነው ማለት ነው?

አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ፓርቲ አንድም ቃል የለውም። እንዲያውም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 ለሕዝባቸው በጻፉት የስንብት መልእክት የፓርቲ ወገንተኝነት አገር እንዳያምስ አጥብቀው አስጠንቅቀው ነበር። የሰማቸው የለም። ዴሞክራቲክ ፓርቲ በ1828፣ ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 ተመሠረቱ፤ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው ወዲህ ከሁለቱ ውጪ ፕሬዚዳንት ያስመረጠ ፓርቲ የለም። ሊበርታሪያን፣ ግሪን የሚባሉ ሌሎች ፓርቲዎች አሉ፤ ይወዳደራሉም። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ስማቸው እንዲወጣ ግን በየግዛቱ ፊርማ ሲለቅሙ ይከርማሉ።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን አያድጉም?

ምስጢሩ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። መቶ አባላት ያሉት ዕድር ሊቀመንበር ሲመርጥ እናስብ። ሦስት ዕጩ ቀረበ፤ አንደኛው 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ አገኙ። ደንቡ «ብዙ ያገኘ ይሾም» ስለሚል 40 ያገኘው ተሾመ፤ ስድሳው ሰው ግን አልፈለገውም። በሚቀጥለው ምርጫ እነዚያ 25 ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ቡና ላይ ተቀምጠው «አምና ድምፃችን ሜዳ ላይ ቀረ፤ ዘንድሮ ከሁለተኛው ጋር ብንስማማስ?» ይባባላሉ። ሁለተኛውም 25 ሰው ሊያገኝ ነውና ንግግሩን ያለሳልሳል፣ ለእነሱም አንድ ቦታ ይሰጣል። አንደኛው ይህን ሲያይ እሱም ሰው ማግባባት ይጀምራል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲደጋገም ዕድሩ ውስጥ ሁለት ጎራ ብቻ ይቀራል። ማንም አላዘዘም፤ ሂሳቡ ራሱ ገፍቶ አመጣው። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቬርዤ ይህን በ1951 በጥልቀት ስለጻፉበት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠሩታል።

በ1992 ሮስ ፔሮ የተባሉት ባለጸጋ በግል ተወዳድረው ከመላው አሜሪካ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ። ከአምስት መራጭ አንዱ ማለት ነው። በየግዛቱ ተደልድለው ፕሬዚዳንቱን ከሚወስኑት 538 የወኪል መራጮች ድምፆች ግን የደረሳቸው ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም በየግዛቱ አንደኛ የወጣው ነው የግዛቱን ጠቅልሎ የሚወስደው (ሜይንና ነብራስካ ብቻ ይከፋፍሉታል)። እንግሊዝም በ2024 ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች። ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ 14 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 5 ወንበር ሲያገኝ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12 በመቶ 72 ወንበር ወሰዱ። የአንደኛው ደጋፊ በአገሩ ሁሉ እንደ ጤፍ ተበትኗል፤ የሁለተኛው ደግሞ በተወሰኑ ወረዳዎች ተከማችቷል።

ሚኒሶታ ዘመድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ያለው ዴሞክራቲክ ፓርቲ በሌላው ግዛት እንዳለው «ዴሞክራት» ብቻ አይባልም፤ ስሙ ዴሞክራቲክ ፋርመር ሌበር ነው። የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ የሚባል ብርቱ ሦስተኛ ፓርቲ ነበራቸው፤ በ1930ዎቹ የግዛቱን ገዥነት እስከ መያዝ የደረሰ። በ1944 ከዴሞክራቶች ጋር ተዋሕዶ ስሙን አብሮ አስገባ። ሦስተኛ ፓርቲ በዚያ አገር ዕድሜው የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሐሳቡን ለአንዱ ትልቅ ፓርቲ አውርሶ።

እኛም አገር ብዙ ድምፅ ያገኘ ነው የሚያሸንፈው፤ ለምን ሁለት ፓርቲ አልሆንን?

ከተማሪ የሚመጣ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። እውነት ነው፣ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ ምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል። ነገር ግን ከላይ ያልኩት ሂሳብ የሚሠራው በእያንዳንዱ ምርጫ ክልል ውስጥ ነው፣ በአገር ደረጃ አይደለም። አንዱ አካባቢ የሚፎካከሩት ሁለት ኃይሎች ሌላው አካባቢ ከሚፎካከሩት ሁለት ኃይሎች የተለዩ ከሆኑ፣ ሁሉም ሲደመር ብዙ ፓርቲ ይሆናል። የ1997ቱን ውጤት እንመልከት፦ ከ547 ወንበር ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ያዙ፤ የቀረውን ሌሎች ተካፈሉት። ያን ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ትናንሽ ፓርቲዎች የተሰባሰቡባቸው ጥምረቶች ነበሩ። ያም የሂሳቡ ግፊት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀጥታ አንመርጥም፤ ምክር ቤቱ ነው የሚመርጠው። አሜሪካ ግን አንድ ወንበር፣ ያውም ትልቁ፣ ለአገሩ ሁሉ ስለሚቀርብ ሰው ሁሉ ወደ ሁለት ወገን ይሳባል።

ሰው ፓርቲውን የሚመርጠው አስቦ ነው ወይስ ወርሶ?

በብዛት ወርሶ ነው። የአሜሪካ ምሁራን ይህን አሥርት ዓመታት ሲያጠኑት ኖረዋል፤ አብዛኛው ሰው ከወላጆቹ ጋር ተመሳሳይ ፓርቲ ይዞ ያድጋል። ከዚያ ሰፈሩ፣ ቤተ እምነቱ፣ ሥራው፣ ትምህርቱ ይጨመርበታል። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ፓርቲውን ተከትሎ ይመጣል እንጂ አይቀድምም፤ ሰውየው መጀመሪያ «እኛ» የሚለውን ይመርጣል፣ ቀጥሎ እኛ የምንለው ወገን ስለ ግብር ምን እንደሚል ይማራል።

ይህን ጅማ ውስጥ ለማስረዳት ኳስ ይቀለኛል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማችን ምን እንደመሰለች ያየ ያውቃል። ደጋፊው ቡድኑ ቢሸነፍም አይለቅም፤ መልቀቁ ነውር ነው። ለቡድን ይህ መልካም ጠባይ ነው፣ ደጋፊነት ማለት ይኸው ነውና። ለፓርቲ ግን አደገኛ ነው። ቡድን ቢሸነፍ ቤትህ ገብተህ ታዝናለህ፣ በማግሥቱ ይረሳል። ፓርቲ ግን ግብርህን ይተምናል፣ የልጅህን ትምህርት ቤት ይመድባል፣ የእናትህን ሐኪም ቤት ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ይህን ሁሉ ለሚያደርግ አካል የኳስ ደጋፊ መሆን ለራስ አለማወቅ ነው። ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር የለኝም።

ግማሽ ሐሳቤ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው ጋር ቢሆንስ?

እንግዲህ የእህቴ ቤት ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትልቋ ልጅ ሚኒሶታ ነርስ ናት። የጤና መድን ስለሌላቸው ሰዎች፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር፣ ቤተሰብ ወደ አሜሪካ ስለ ማምጣት ስታወራ ዴሞክራት ናት። ታናሽ ወንድሟ ቨርጂኒያ ውስጥ የራሱ የጭነት መኪና አለው። ስለ ግብር፣ ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚማሩት ነገር ሲያወራ ሪፐብሊካን ነው። የሚገርመው፣ ለየብቻ ጠይቄያቸው ከአሥር ጉዳይ ሰባቱ ላይ ተስማሙ። እሷም ስለ ቤተሰብና ስለ እምነት ከወንድሟ የተለየች አይደለችም፤ እሱም የስደተኛ ነገር ሲነሳ ከእህቱ ጎን ነው። አንድ ሰው ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚይዝ ፓርቲ ግን የለም። ሦስት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ በሁለት ከረጢት ሲከተት፣ እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ የማይፈልጉት ነገር መኖሩ ግድ ነው።

በብዙ ፓርቲ አገር ጥምረት ባብዛኛው የሚፈጠረው ከምርጫው በኋላ ነው፣ ፓርቲዎች ቁጭ ብለው ይደራደራሉ። በሁለት ፓርቲ አገር ጥምረቱ የሚፈጠረው አስቀድሞ፣ ፓርቲው ውስጥ ነው። ነጋዴው፣ ጳጳሱ፣ የጦር ሜዳ አርበኛው፣ ነርሷ ተደራድረው ያበቁበት ድምር ነው ፓርቲ የሚባለው። ስለዚህ «የትኛው ፓርቲ እኔን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የሚመስልህ የለም። «ከየትኛው ጋር ብደራደር የሚያስጨንቀኝን ነገር አገኛለሁ?» ነው መባል ያለበት።

ቡና ለምናውቅ ሰዎች ምሳሌው ቅርብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እሸት ቡና ለቅመህ መንገድ ዳር ስትቆም፣ ሁለት ሰብሳቢ ቢመጣ ዋጋ ይሻላል። አንደኛው «ይህ ሰውዬ መቼም ለእኔ እንጂ ለሌላ አይሰጥም» ብሎ ካወቀ ግን ሳንቲም አይጨምርልህም፤ ሌላኛውም «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ አልፎህ ይሄዳል። ከሁለት ያጣ ትሆናለህ። ድምፅ በገንዘብ ይሸጥ ማለቴ አይደለም፣ እሱ ወንጀል ነው። ማለቴ፦ ሁሌም የአንድ ፓርቲ መሆኑ የታወቀ ሰው፣ ወይም የታወቀ ማኅበረሰብ፣ ለሁለቱም የማያስጨንቅ ይሆናል። ወደ አንዱ አዘንብል፣ አዘነበልኩም በል፤ ሊያጡህ እንደሚችሉ ግን ይወቁ። ደግሞም እሸት ቡና አያድርም። እንደ ጀንፈል አስቀምጠህ ዋጋ ሲወጣ የምታወጣው አይደለም፤ ድምፅም ቀኗ አንድ ናት።

ለልጆቹ የነገርኳቸው ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እሱም ፓርቲው ራሱ ዕጩውን የሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ ነው። ከዋናው ምርጫ ያነሰ ሰው ስለሚወጣበት አንድ ድምፅ እዚያ ትከብዳለች። በሁለቱ ከረጢቶች ያልተደሰተ ሰው ከረጢቱ ሲሞላ መገኘት አለበት። ለፕሬዚዳንት አንዱን፣ ለከተማ ምክር ቤት ሌላውን መምረጥም ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም።

ለሦስተኛ ፓርቲ መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው?

እንደ ቦታው ነው። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ብቻ ነው። እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ከእነዚያ መራጮች ብዙዎቹ ሁለተኛ ምርጫቸው ጎር ነበሩ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። ፍሎሪዳ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን ወሰነች። ሁለቱ ፓርቲዎች በሚተናነቁበት ግዛት ያለ ሰው ይህን አስቦ መግባት አለበት። አንዱ ፓርቲ በሰፊ ልዩነት በሚያሸንፍበት ግዛት ግን ለሦስተኛው መምረጥ ውጤት ሳይቀይር መልእክት ማስተላለፊያ ሊሆን ይችላል።

ሜይን ከ2018 ጀምሮ፣ አላስካ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ የመጀመሪያ ምርጫው ከወደቀ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። ከላይ ባልኩት ዕድር ይህ ቢሠራበት ኖሮ የእነዚያ 25 ሰዎች ድምፅ ሜዳ ላይ ባልቀረ ነበር።

ገለልተኛ ነኝ ማለት ይቻላል?

ይቻላል፤ ራሳቸውን እንዲህ የሚጠሩ አሜሪካውያን ከመቶ ከአርባ በላይ ናቸው። ጠጋ ተብሎ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ወደ አንዱ ያዘነብላሉ፣ በምርጫ ቀንም እንደዚያው ያደርጋሉ። በተግባር ልዩነት የሚያመጣው የምትኖርበት ግዛት ነው። ቨርጂኒያና ሚኒሶታ መራጭን በፓርቲ አይመዘግቡም፤ ሜሪላንድ ግን ይመዘግባል፣ በፓርቲ ያልተመዘገበም በፓርቲዎቹ ቅድመ ምርጫ አይሳተፍም። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ «ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ሲኮራ ይህን ይወቅ።

ግሪን ካርድ ያለው ዘመዴ መምረጥ ይችላል?

ለፕሬዚዳንትም ለኮንግረስም አይችልም። ዜግነት ያስፈልጋል፣ ለዚያም ባብዛኛው ግሪን ካርድ ካገኙ በኋላ 5 ዓመት መኖር ይጠበቃል፤ የአሜሪካዊ ባለትዳር ሲሆን 3 ዓመት። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ ሳያነብ «ዜጋ ነኝ» የሚል ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። እባካችሁ በስልክ ስታወሩ ይህችን ንገሯቸው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጠቅመን የትኛው ፓርቲ ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ጎረቤቴ ቤት ወዳጆቼን ያኳረፈውም ይኸው ነው። መዝገቡን ገልጠን እንየው።

ዲቪ ሎተሪን የወለደው የ1990 ሕግ የወጣው ዴሞክራቶች በሚበዙበት ኮንግረስ ሆኖ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ትልቁ ቡሽ ናቸው። የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደውን አጎዋን በ2000 የፈረሙት ዴሞክራቱ ክሊንተን ሲሆኑ ኮንግረሱ ደግሞ የሪፐብሊካኖች ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ያመጣልንን ፔፕፋርን በ2003 የጀመሩት ሪፐብሊካኑ ትንሹ ቡሽ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ 15 ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ መድኃኒት ዛሬ ቆመው የሚሄዱ ሰዎች በእያንዳንዳችን ሰፈር አሉ፤ ይህን ሳስብ ለዚያ ውሳኔ ያለኝን ምስጋና አልደብቅም። ከአጎዋ ኢትዮጵያን ከጥር 2022 ጀምሮ ያስወጣው የዴሞክራቱ የባይደን አስተዳደር ነው። ጅማም የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናትና ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ1961 በዴሞክራቱ ኬኔዲ ዘመን የተቋቋመው ዩኤስኤአይዲ በ2025 በሪፐብሊካኑ ትራምፕ ዘመን ተዘጋ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ በሚገባ ዕቃችን ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፣ ቡናችንም ጭምር። በኅዳር ደግሞ ያው መንግሥት ቡናን ከቀረጡ አወጣው፤ አሜሪካ ውስጥ የቡና ዋጋ ንሮ የራሱ መራጮች ስላጉረመረሙ።

ከዚህ ውስጥ «ይህ ፓርቲ ወዳጃችን ነው» የሚል መስመር ማውጣት የቻለ ካለ ያሳየኝ። የቡናው ቀረጥ የተነሳው ለእኛ ታዝኖ ሳይሆን የኦሃዮና የፔንሲልቬንያ ሰው ሲኒው ስለተወደደበት ነው። የአሜሪካ ፓርቲ የሚያየው የአሜሪካን መራጭ ነው። ከመራጩ ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆነ ካለ እዚያ ዜጋ የሆኑ ልጆቻችን ናቸው። እነሱም የሚሰሙት ሁለቱም ፓርቲ ሊያጣቸው የሚፈራ ሲሆን ብቻ ነው፤ የሰብሳቢውን ምሳሌ አስታውሱ።

ፓርቲዎቹ ራሳቸው ይቀያየራሉ?

በጣም። ባሪያ ነፃ ያወጡት አብርሃም ሊንከን የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሪፐብሊካን ነበሩ። ደቡቡ ደግሞ የዴሞክራት ምሽግ ነበር። በ1930ዎቹ በዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ነገሩ መዞር ጀመረ። በ1964 የዘር አድልዎን የሚከለክለውን የዜጎች መብት ሕግ ዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን ፈረሙ (ኮንግረስ ውስጥ ግን በመቶኛ ሲሰላ ከዴሞክራቶች ይልቅ ሪፐብሊካኖች ነበሩ የበለጠ የደገፉት)። ከዚያ በኋላ ጥቁሮች ወደ ዴሞክራት፣ የደቡብ ነጮች ደረጃ በደረጃ ወደ ሪፐብሊካን ተሻገሩ። ስሙ እንዳለ ነው፤ ውስጡ ግን ተገልብጧል። አያቱ የመረጡትን ስም ይዞ የቀጠለ ሰው አያቱ የተቃወሙትን ሐሳብ ይመርጥ ይሆናል።

አፍሪካ ውስጥ የሁለት ፓርቲ ሥርዓት አለ?

ጋና አለች፤ ለእኛ ከአሜሪካም በላይ የምታስተምረን እሷ ናት እላለሁ። ከ1992 ጀምሮ ኤንዲሲና ኤንፒፒ የሚባሉት ሁለት ፓርቲዎች ይፈራረቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ዓመት እየገዙ፣ መጨረሻ በታኅሣሥ 2024 ኤንዲሲ ተመልሶ አሸነፈ። እዚያም ዘርና አካባቢ አለ፤ አሻንቲ የኤንፒፒ፣ ቮልታ የኤንዲሲ ምሽግ ናቸው። ምርጫውን የሚወስኑት ግን እንደ ታላቋ አክራ ያሉ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚሉ አካባቢዎች ናቸው። ፓርቲዎቹም የሚሽቀዳደሙት እነዚያን ለማስደሰት ነው።

በ2008 በሁለተኛው ዙር ከዘጠኝ ሚሊዮን መራጭ ውስጥ ልዩነቱ 40 ሺህ ገደማ ነበር። የተሸነፉት ናና አኩፎ አዶ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ቤታቸው ገቡ፤ በ2016 ተመልሰው አሸነፉ። በ2020 ደግሞ ከ275 የፓርላማ ወንበር ሁለቱም ፓርቲ 137 137 ይዘው አንድ የግል ተወዳዳሪ መካከላቸው ተቀመጠ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። በዚህ ልዩነት አገር ሳይፈርስ እንዴት ማደር እንደቻለ ለማወቅ ሁሌም እጅ ይነሳል።

ወንድሜ ወይም ባለቤቴ ሌላውን ፓርቲ ቢደግፍ ምን ላድርግ?

የእህቴ ልጆች በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተሰዳድበው አምስት ወር ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። እናታቸው ቆጪ ካለው ቤቷ ሆና ስልኳን ከፍታ ሁለቱም የጻፉትን እያነበበች ታለቅሳለች። «አንተ የፖለቲካ አስተማሪ አይደለህ፤ ማናቸው ናቸው ትክክል?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄው እሱ አልነበረምና።

ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። ልጆቹን ለየብቻ «ስለ ፓርቲው ሳይሆን ስለሚያስጨንቅህ ነገር አንድ ገጽ ጻፍልኝ» አልኳቸው። ልጅቷ የጻፈችው መድን ስለሌላት አንዲት በሽተኛ ነው። ልጁ የጻፈው በዓመቱ መጨረሻ ሂሳቡን ሠርቶ ከግብሩ በኋላ ስለቀረው ገንዘብ ነው። የፓርቲ ስም ሁለቱም ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። የእሷን ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ ላክሁ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለው እሱ ነው፤ ስለ በሽተኛዋ ሊጠይቅ። ዛሬም ድምፃቸውን ለተለያየ ፓርቲ ነው የሚሰጡት። ግሩፑ ላይ ግን ከምርጫው ሳምንት በፊትም በኋላም የልጆች ፎቶ ብቻ እንዲለጠፍ እናታቸው አዝዛለች፤ እስካሁን የተላለፈ የለም።

ባለትዳሮችን በተመለከተ ከእኔ የተሻሉ መካሪዎች አሉ። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ድምፅ በምሥጢር የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ባልም ሚስትም «ማንን መረጥክ? ማንን መረጥሽ?» ተብለው የመመለስ ግዴታ የለባቸውም።

እርስዎስ የትኛውን ይደግፋሉ?

የማዘነብልበት አለ፤ ከጠየቁኝ ሁሉ የነገርኩት ግን ለእህቴ ልጅ ብቻ ነው። እዚህ የማልጽፈው ተማሪዎቼ ስለሚያነቡት ነው። ማርክ የምሰጥ ሰው ነኝና አንድም ልጅ መልሱን ከእኔ ፊት አንብቦ እንዲጽፍ አልፈልግም። የምመዝንበትን ግን ልናገር፦ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ምን ይገጥመዋል? ተሸናፊው በማግሥቱ ምን ይናገራል? የእኔ ወገን ሲሳሳት የገዛ ወገኑን የሚገሥጽ ሰው ፓርቲው ውስጥ ቦታ አለው ወይ? በሦስተኛው ሁለቱም ፓርቲዎች ያሳዘኑኝ ዓመታት አሉ።

ውጤቱ በጅማ ሰዓት መቼ ይሰማል?

የሚቀጥለው የፕሬዚዳንት ምርጫ ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ.ም. ማክሰኞ ነው። በዚያ ወቅት የቨርጂኒያ ምርጫ ጣቢያዎች የሚዘጉት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የሚኒሶታዎቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ለማሸነፍ የሚበቃውን 270 ወኪል መራጭ ማን እንዳገኘ አንዳንዴ በዚያው ንጋት፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ይታወቃል። ጎረቤቴ ቤቱን እንደሚከፍት ተናግሯል፤ ሁለቱ ተኳርፈው የነበሩት ወዳጆቼም እንመጣለን ብለዋል። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ሳይጠጣ ማንም እንደማይወጣ ካሁኑ ተስማምተናል።